ፓክኒው ምንድን ነው?

አርች ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የሚጠቀም ሰው ኮምፒውተሩን ባደሰ ቁጥር ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ የጽሑፍ ጎርፍ ይወርዳል። ከመሃሉ አንዲት መስመር፣ እገሌ የተባለው ፋይል «ፓክኒው» ተብሎ ተቀምጧል ትላለች። የሚያነባት ጥቂት ነው። ከሳምንታት በኋላ አንድ ነገር አልሠራ ሲል ግን ወቀሳው በሠሪዎቹ ላይ ይዘንባል።

ካናዳዊው ጁድ ቪኔት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው አርች፣ እንደ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት እንደ ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም አያወጣም። እያንዳንዱ ፕሮግራም በደረሰ ጊዜ ለብቻው ይታደሳል፤ ብዙ ጊዜም አዲስ የቅንብር ፋይል፣ ማለትም አሠራሩን የሚወስን የጽሑፍ ፋይል፣ ይዞ ይመጣል። ታዲያ ባለቤቱ የቀድሞውን ፋይል በእጁ አስተካክሎት ከነበረ የማን ይጽና? ፕሮግራሞቹን የሚጭነው ፓክማን የፋይሉን ሦስት ቅጂዎች አሻራ (ከይዘታቸው የሚሰላ መለያ ቁጥር) ያመሳክራል፤ ቀድሞ የተጫነውን፣ አሁን በዲስኩ ላይ ያለውን፣ አዲስ የመጣውን። ባለቤቱ ያልነካው ከሆነ አዲሱ ቦታውን ይይዛል። ባለቤቱ ለውጦት ከሆነና አዲሱም ከሁለቱ የተለየ ከሆነ፣ የባለቤቱ ባለበት ይቆያል፤ አዲሱ በስሙ መጨረሻ የፓክኒው (.pacnew) ቅጥያ ተሰጥቶት ከጎኑ ይቀመጣል። ሁለቱን ማስታረቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን እዚህ ላይ ቆሞ የትኛው ይሁን ብሎ ይጠይቃል። ፓክማን ግን ተናግሮ ያልፋል።

ቸል የተባለ ፓክኒው ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታይቷል። የይለፍ ቃልን የሚመረምረው ፓም በ1.4.0 እትሙ የተሳሳቱ ሙከራዎችን የሚቆጥሩ አሮጌ ክፍሎቹን በነባሪነት ይዞ መምጣት ተወ። የድሮ ፋይሉ እነዚያኑ ክፍሎች የሚጠራበት ሰው ትክክለኛ የይለፍ ቃል ይዞ በገዛ ቤቱ ደጅ ሊቆም ይችል ነበር። ፋይሉን ያስተካከለውም አዲስ ነገር ጠበቀው፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ አሥር ደቂቃ ይዘጋበታል።

የቸኮለውም አይድንም። የተጠቃሚዎችን ስም የያዘውን ፋይል በፓክኒው የተካ ሰው የራሱን ስም ከመዝገቡ ይፍቃል። የማውረጃ አገልጋዮችን ዝርዝር የተካውም ሁሉም መስመሮች በአስተያየት ምልክት የታገዱበት፣ ማለትም ፓክማን እያየ የሚዘላቸው የሆኑበት፣ ፋይል ይቀበላል፤ አንድም አገልጋይ አይከፈትለትም።

የአርች ሰዎች በለውጥ የተቆጡት ግን በፓክኒው ብቻ አይደለም። እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ የኮምፒውተሩ ስም፣ የሰዓት ቀጠናው፣ ቋንቋው፣ ሲነሣ የሚጀምሩት አገልግሎቶች ሁሉ አርሲ ኮንፍ በሚባል አንድ ፋይል ይጻፉ ነበር። በዚያ ዓመት ኮምፒውተሩ ሲነሣ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ሲስተምዲ ሲገባ ይህ ሁሉ በየፋይሉ ተበታተነ። በዚህ ያዘኑት ሰዎች እውነት አላቸው ባይ ነኝ፤ ማሽንን ከአንድ ገጽ ላይ አንብቦ መረዳት ቀላል ጸጋ አልነበረም። በፓክኒው ላይ የሚነሣው ቁጣ ግን አይገባኝም። ሌላው አማራጭ እኮ ፓክማን የደከምንበትን ፋይል ሳይጠይቅ እንዲደመስስ መፍቀድ ነው!

ለማስታረቁ ፓክዲፍ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፓክማን ኮንትሪብ በተባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። የተጠራቀሙትን ፋይሎች እየለቀመ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያሳያል። ከእድሳት በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከመነሣቱ በፊት ማስኬዱ ይመረጣል፤ የመግቢያ ፋይሎች ከተነኩ ከዚያ በኋላ በሩ ላይከፈት ይችላልና።