ሰርዞ መልሶ ማስገባት፦ የተያያዙ መዝገቦች በአንድ ትራንዛክሽን

ሰርዞ መልሶ ማስገባት በዳታቤዝ ሥራ የተለመደ የማረሚያ ዘዴ ነው። በአንድ ዋና መዝገብ ሥር ያሉ ዝርዝሮች ሲለወጡ የድሮዎቹ በሙሉ ይሰረዛሉ፤ አዲሶቹ ይገባሉ። የትኛው መስመር እንደተነካ አንድ በአንድ መልቀም ቀረ ማለት ነው። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ትራንዛክሽን ይታሰራሉ። ወይ ሁለቱም ይፀናሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ።

ለጎጃም ሰው ነገሩን በመሬት ደብተር ማስረዳት ይቀላል። የአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ በሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው ጎዛምን ወረዳ ነው። ደብተሩ ባልና ሚስትን በስምና በፎቶ ይይዛል፤ ማሳዎቻቸው ከሥር ይዘረዘራሉ። ይህ ወደ ዳታቤዝ ቢገባ ባለይዞታው ወላጅ፣ ማሳዎቹ ልጆች ይሆናሉ። ልጅን ከወላጅ የሚያስረው ፎሪን ኪይ ይባላል። እሱ እያለ ወላጁን ቀድሞ መሰረዝ አይቻልም። ካስኬድ ከታዘዘ ግን ልጆቹም አብረው ይጠፋሉ።

የትራንዛክሽን ሐሳብ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ሲስተም አር በተባለው የአይቢኤም የምርምር ዳታቤዝ ላይ በሠሩት እነ ጂም ግሬይ እጅ ዳብሯል።

ጣጣው የሚመጣው እንደ ሃይበርኔት ያለ፣ የፕሮግራሙን ትእዛዝ ወደ ዳታቤዝ የሚያደርስ ሶፍትዌር መሃል ሲገባ ነው። አባወራው አራት ማሳ አላቸው እንበል፤ አንዱን ጎጆ ለወጣ ልጃቸው ሰጡ። ፕሮግራመሩ መጀመሪያ አራቱን ይሰርዛል፣ ቀጥሎ የቀሩትን ሦስቱን ያስገባል። ሃይበርኔት ግን ትእዛዞቹን አጠራቅሞ ሲልክ ኢንሰርቱን (ማስገባቱን) ያስቀድማል፤ ዲሊቱ (ስረዛው) መጨረሻ ይሄዳል። የማሳ ቁጥሩ ዩኒክ (እንዳይደገም የተከለከለ) ከሆነ አሮጌው ከወንበሩ ሳይነሳ አዲሱ ሊቀመጥ ይመጣል። ዳታቤዙ «ተደግሟል» ብሎ ይጮኻል። ኮዱን ደጋግመህ ብታነበው ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ሌሊቱን የሚያድረው። መፍትሔው አንድ መስመር ናት፦ ከስረዛው በኋላ ፍላሽ ማድረግ። ፍላሽና ኮሚት ግን ይለያያሉ። ፍላሽ ትእዛዙን ወደ ዳታቤዙ ይልካል፤ የሚያፀናው ኮሚት ነው። እስኪፀና ድረስ ሮልባክ፣ ማለትም የመሻሪያ ትእዛዝ፣ ይመልሰዋል።

ሌላው መንገድ ቁጥሩ ተደግሞ እንደሆነ የሚታይበትን ፍተሻ እስከ ኮሚት ማዘግየት ነው። ኦራክልና ፖስትግሬስ የሚባሉት ዳታቤዞች ይፈቅዳሉ፣ ደንቡ ሲጻፍ ዴፈረብል (ሊዘገይ የሚችል) ከተባለ። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የሚጠቀምበት ኢኖዲቢ ግን ወዲያው ነው የሚፈትሸው።

ትራንዛክሽን የሌለበትን ሰርዞ ማስገባት አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ ሞክሬዋለሁ። ስረዛው አልቆ ማስገባቱ ሲጀመር መብራት ሄደ። የአንድ ማኅበር አባላት ዝርዝር ባዶ ቀረ፤ ከወረቀት እንደገና ለቀምነው።

ዘዴው ጥሩ ነው አይደለም የሚለው አከራካሪ ነው። ልዩነቱን ለይቶ አፕዴት ማድረግ (የተለወጠውን መስመር ብቻ ማረም) ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ምናልባት ለረጅም ዝርዝር እውነታቸውን ይሆናል። ለአራት ማሳ ግን ሰርዞ ማስገባትን የሚያህል የለም። አንድ ጉድለቱ አይካድም። የጎጃም ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ፍቆ እዚያው ቦታ ይጽፋል። እዚህ ግን መለያ ቁጥሩን ዳታቤዙ የሚሰጥ ከሆነ ተመልሶ የገባው ማሳ አዲስ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በድሮው ቁጥር የሚጠራው የግብር መዝገብ ካለ ወይ ስረዛው ይከለከላል፣ ወይ መዝገቡ ባለቤት አልባ ይሆናል። ሮልባክ ቢደረግ እንኳ የወጣው ቁጥር አይመለስም፤ በመካከል ክፍተት ይቀራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሌላ ኮምፒውተር ያንኑ ደብተር የከፈተች ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ለውጥ አታይም። ኮሚት እስኪባል ድረስ ስክሪኗ ላይ ያሉት የድሮዎቹ አራት ማሳዎች ናቸው።