ሃይፖተርሚያ ምንድን ነው? የብርድ ሌላ ስም አይደለም

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ በሬዲዮ ስለ ቦስተን ማራቶን ሲያወራ ሰማሁት። «የእኛ ልጆች ብርድ አልለመዱም፤ በፈረንጆቹ 2018 ሃይፖተርሚያው በረታባቸውና አቋረጡ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የዚያን ቀን ሃይፖተርሚያው 3 ዲግሪ ነበር» ብሎ ጨመረበት። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ቆምኩ። ይህን ቃል እንዲህ ሲጠቀሙበት ስንቴ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። በማራቶን የሕክምና ድንኳን ውስጥ ዓመታት የሠራሁ ሐኪም ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሃይፖተርሚያ የአየር ጠባይ ስም አይደለም። «በረደኝ» ማለትም አይደለም። ልብ፣ ጉበትና አንጎል ያሉበት የሰውነት ውስጣዊ ክፍል ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የሚሰጠው የሕክምና ስም ነው። የጤነኛ ሰው 37 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። የውጭው አየር መንስኤ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን ያለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ውጭ 10 ዲግሪ ሆኖ ሊይዝህ ይችላል፤ ውጭ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ሆኖም ላይይዝህ ይችላል።

ማስረጃ ከተፈለገ ያው የ2018ቱ የቦስተን አሸናፊ አለ። ዩኪ ካዋውቺ በጃፓን ሳይታማ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን፣ ከቦስተን ብዙ በማይርቅ ከተማ፣ ከዜሮ በታች 17 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ማራቶን ሮጦ በ2:18:59 ገባ። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ ኤፕሪል 16፣ ቦስተን ላይ ከዜሮ በላይ 3 ዲግሪ ገደማ ነበር። ሃያ ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው። ግን የዚያን ቀን ነበር ታዋቂ ሯጮች እየተንቀጠቀጡ በየመንገዱ ዳር የወጡት። ካዋውቺ በ2:15:58 አሸነፈ። ከ1976 ወዲህ በወንዶች የታየ በጣም ዘገምተኛው የማሸነፊያ ሰዓት ነው። በሴቶች ያሸነፈችው ዴዚሬ ሊንደን በ2:39:54 ገባች።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የኤፕሪሉ ቀን ዝናብ ነበረው፤ ከፊት የሚገፋ ኃይለኛ ንፋስም ነበረው።

እስቲ ቤት ውስጥ የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ አስቡ። ጡንቻ ማለት ምድጃው ነው። አንድ ሯጭ ከሚያቃጥለው ጉልበት እርምጃ የሚሆነው ሩብ ያህሉ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ከ1,000 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል። በዚህ ፍጥነት እስከሮጠ ድረስ ደረቅ ብርድ ብዙም አያስፈራውም፤ እንዲያውም ለማራቶን ጥሩው አየር ቀዝቀዝ ያለው ነው። ንፋስ ሲመጣ የቤቱ በር ተበረገደ ማለት ነው። ልብሱ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ፈረሰ። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አስበልጦ ይወስዳል። እርጥብ ካናቴራ ልብስ አይባልም።

እስካሁን ያልኩት ብዙ ሰው የሚገምተው ነው። የሚረሳው ምድጃው ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ከሰሉ እያለቀ ይሄዳል። ሯጩ ይደክመዋል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ይራመዳል። በዚያች ቅጽበት የሚያመነጨው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ዝናቡና ንፋሱ ግን አልቀነሱለትም። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ እሳቱ ወደ ፍም፣ ፍሙም ወደ አመድ እየሄደ ነው። ሃይፖተርሚያ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። መነሻው ላይ ጥርሱ የሚንቀጫቀጨውን ሁሉ ሰው ያዝንለታል። እኔ የምፈራው 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆም ብሎ ጫማውን ለማሰር የሚታገለውን ነው።

አሁን ወደ ተንታኙ ልመለስ። «ብርድ አልለመዱም» ሲል የትኛውን አገር እያሰበ ነው? በቆጂን በኅዳር ንጋት ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ በውርጭ ልምምድ የሚጀምር ልጅ ብርድን ከተንታኙ በላይ ያውቀዋል። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2015 ቦስተንን በ2:09:17 ሲያሸንፍ ቀኑ ቀዝቃዛና ነፋሻ ነበር፤ ያንጊዜ «ብርድ ለመደ» ያለ የለም። በ2018 ካቋረጡት መካከል ደግሞ ጌለን ረፕ ነበረበት፤ ዝናብ በማያጣት በፖርትላንድ ያደገ አሜሪካዊ። ጉዳዩ የልምድ ቢሆን ኖሮ እሱ መጨረስ ነበረበት።

ማሚቱ ዳስካን አስታውሱ። በዚያ ዝናብ ከሴቶቹ ተነጥላ ወጥታ ለብዙ ኪሎ ሜትር ብቻዋን መራች። ንፋሱን የሚከልላት አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ አቋረጠች። ይህ ድፍረት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግን ቡድን ውስጥ መደበቅ የስልት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ልብስ ነው።

እውነተኛው ምክንያት የሰውነት ቅርጽ ነው። የትልቅ ውድድር ሯጭ ቀጭን ነው። ስቡ ጥቂት ነው፤ ከክብደቱ አንፃር ቆዳው ሰፊ ነው። ትንሽ ቤት፣ ስስ ግድግዳ፣ ብዙ መስኮት። ምድጃው እስከነደደ ድረስ ይህ ጥቅም ነው፤ ሲዳከም ግን ቤቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ይህ ከዜግነት ጋር ምንም አያገናኘውም።

እግረ መንገዴን ስለ «ንፋስ ቅዝቃዜ» ልበል። የትንበያ ሰዎች «3 ዲግሪ ነው፤ የሚሰማው ግን ከዜሮ በታች 4 ነው» የሚሉት ቁጥር የተሰላው ለደረቅና ለተገለጠ የፊት ቆዳ ነው። የራሰ ሯጭን አይገልጽም። ቁጥሩን አይታችሁ ልብስ አትምረጡ፤ ዝናብ መኖር አለመኖሩን እዩ።

ከዜሮ በላይ ያለ አየር ምን ማድረግ እንደሚችል ቻይና ጋንሱ ውስጥ ታይቷል። ሜይ 22 ቀን 2021፣ 172 ሰው በተሳተፈበት የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ 21 ሰው ሞተ። ወሩ የብርድ ወር አልነበረም። ብዙዎቹ ቁምጣና ስስ ካናቴራ ነበር የለበሱት። ንፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በድንገት ደረሰባቸው። አንድ እረኛ ስድስቱን ዋሻ ውስጥ እሳት አንድዶ አተረፈ።

ምልክቱን እንዴት ታውቃለህ? በቁጥር ከመሆኑ በፊት በጠባይ ይታያል። ያንገዳግደዋል። ቃል ይተበተብበታል። ጣቱ አልታዘዝ ይለዋል። ይነጫነጫል። አንድ ዝናባማ ማራቶን ላይ አንድ የአገሬ ልጅ ወደ ድንኳናችን ገባ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሊፈታ መርፌ ቁልፉን ይነካል፣ ጣቱ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ይነካል። «ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አልኩት። «ደህና ነኝ ዶክተር፣ ተወኝ» አለኝ፤ እየተቆጣ። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳቋረጠ ስጠይቀው ጨርሻለሁ አለኝ። አልጨረሰም ነበር። አይንቀጠቀጥም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

መንቀጥቀጥ ማለት ሰውነት ምድጃውን ሲያራግብ ነው። ከሰሉ ሲያልቅ ማራገቡም ይቆማል። ያኔ ሰው «ተሻለው» ይላል። አልተሻለውም።

አንዷ በጎ ፈቃደኛ በግንባር የሚለካ መሣሪያ ይዛ መጣች። ለራሰና ለቀዘቀዘ ሯጭ እሱ ምንም አይነግርህም፤ የጆሮውም የአፉም እንዲሁ። ያፍራል ሰው፣ ይገባኛል፤ የሚታመነው ግን በፊንጢጣ የሚለካው ነው። 33.6 ነበር። እርጥቡን ልብስ ቀድደን አወለቅን። ይህ ሳይደረግ የሚያብረቀርቀውን ፎይል ማልበስ ከንቱ ድካም ነው፤ ፎይል ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይሠራም። አድርቀን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፤ የሞቀ ጥቅል ብብቱና ደረቱ ላይ አደረግን። እጅ እግሩን ማሸት የጀመረውን ጓደኛውን አስቆምኩት። ሰውነት ሲጨንቀው ሳሎኑን ዘግቶ ቤተሰቡን ጓዳ ይሰበስባል፤ እጅና እግር ሳሎኑ ናቸው። መጀመሪያ የሚሞቀው ጓዳው ነው። አረቄም ለዚህ ነው የማይሰጠው። ሲጠጡት የሚሰማው ሙቀት ከጓዳ ወጥቶ በበር የሚሄደው ነው።

ልጁ መዋጥ መቻሉን ካየን በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ ሰጠነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አገጩ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጓደኛው ደንግጦ ክንዴን ያዘኝ። «ዶክተር፣ ባሰበት!» አለኝ።

«አይዞህ» አልኩት። «አሁን ነው የተሻለው።»