«ጃጅተው ነው» አትበሉኝ

ደሴ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ሐኪም ይቺ ቃል አታልቅበትም። አዛውንቱን በቃሬዛ እያስገቡ «ምንም አይደል፣ ጃጅተው ነው» ይሉኛል። መቼ ጀመራቸው? «ከትናንት ወዲያ።»

ከትናንት ወዲያ የጀመረ ነገር መጃጀት አይደለም! መጃጀት በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሰው ሲዘባርቅ፣ ወይም ዝም ብሎ ሲያንቀላፋ፣ እኛ ዲሊሪየም እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሌላ በሽታ አለ። የሳንባ ምች፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ቀን መታየት አለበት።

አንዲት የሆጤ እናት አልረሳም። እስከ ጁምዓ ድረስ ዱዓ አድርገው ጎረቤቱን ቡና ያጠጡ ነበር። ቅዳሜ ጀበናውን ጥደው፣ ቡናውን ሳይጨምሩ ቁጭ አሉ። ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም ጠሯት። ቤተሰቡ «አረጁ» ብሎ አምስት ቀን ጠበቀ። ትኩሳት የለም፣ ሳልም የለም። ትንፋሻቸውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ብቆጥር 32 ሆነ፤ በጣም ፈጣን ነው። የሳንባ ምች ነበር። ታክመው ቤታቸው ገቡ፤ ያ አምስት ቀን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

«ትኩሳት ከሌለ ኢንፌክሽን የለም።» አረጋውያን ላይ አይሠራም።

«ካልጠማቸው ውሃ አይፈልጉም።» የጥም ስሜት ከዕድሜ ጋር ይደክማል። ሳይጠይቁ ስጧቸው።

«ታማሚ ይተኛ፣ አትቀስቅሱት።» ይሄኛው ጉልበት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት፣ ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ ከእግራቸው 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ አጡ። ጤነኞቹ ናቸው እንዲህ የሆኑት። ሐኪሙ ካልከለከለ ለምግብ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ደግፋችሁ ሽንት ቤት ውሰዷቸው። መነጽራቸውንና ከዘራቸውን ቤት አትተዉ።

«80 ዓመት ሞላቸው፣ ከእንግዲህ ምን ይደረጋል?» ዕድሜና አቅመ ደካማነት አንድ አይደሉም። የካናዳው ሐኪም ኬኔት ሮክዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት የአቅመ ደካማነት መለኪያ አለ፤ ዛሬ ከ1 እስከ 9 ይሄዳል። የልደት ዘመን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት በፊት እንዴት እንደነበሩ ነው። ሰኞ ገበያ ደርሰው ይመለሱ ነበር? ራሳቸው ይታጠቡ ነበር? ሕክምናውን የምንመርጠው ይህን ይዘን ነው። አልጋ ላይ ያየኋቸውን ብቻ ይዤ ብፈርድ እበድላቸዋለሁ።

ስለዚህ ስትመጡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ባህላዊውም አይቅር። ከአዲስ አበባ የደረሰው ታላቅ ወንድም ብቻውን አይግባ። እናቱ ባለፈው ወር ደረጃ ትወጣ እንደነበር አያውቅም። አብራ የምታድረው የልጅ ልጅ ታውቃለች። እሷን ነው ከበር ላይ አስገቡልኝ የምለው።