ጋፕ ይር ምንድን ነው? ከትምህርት ገበታ ርቆ የቆየ ተማሪ ለመራጭ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት

ጋፕ ይር አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ካጠናቀቀ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ ከመደበኛ ትምህርት ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ዓመት ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለው ልጅ «ቤት ቁጭ አለ» መባሉ ስለማይቀር ብዙ ወላጆች ነገሩን እንደ ውድቀት ያዩታል። ሆኖም የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን ለአንድ ዓመት ማቋረጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄደው ያስተምሩ ነበር፤ በ1967 ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውን በጅምላ ወደ ገጠር አሰማርቶታል። የዚያ ጊዜው በትእዛዝ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ጋፕ ይር ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ተማሪው አመልክቶና ተቀባይነት አግኝቶ ሲያበቃ መግቢያውን በዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ለአንድ ዓመት ማስተላለፉ ነው። ሃርቫርድ የተቀበላቸውን ተማሪዎች እንዲህ እንዲያደርጉ በይፋ ያበረታታል፤ የባራክ ኦባማ ልጅ ማሊያም ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሆኖ ሳለ ሃርቫርድ የገባችው በ2017 ነው። ሁለተኛው መልክ ተማሪው ገና ሳያመለክት አቋርጦ፣ ማመልከቻውን በዚያው ዓመት ውስጥ ማስገባቱ ነው። የእኛን ልጆች ባብዛኛው የሚመለከተው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የትምህርት ዘመናችን አደረጃጀት ራሱ ወደዚያ ይገፋቸዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በቅርብ ዓመታት ይፋ የሆነው ጳጉሜንና መስከረምን ተጠግቶ ሲሆን፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ይጀምራሉ። ውጤቱን ይዞ ማመልከት የፈለገ ተማሪ፣ ወደደም ጠላም፣ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

ብዙዎች ሳያውቁ የሚሰናከሉት በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። በብሔራዊ ፈተናው ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ፣ ዘመድም ጎረቤትም «እስከዚያው ተመዝገብ» ስለሚለው፣ አምስት ኪሎ ገብቶ ምህንድስና ይጀምራል፤ ማመልከቻውንም ከዚያው ሆኖ ይሞላል። ብዙዎቹ መራጭ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ከብዙ አመልካች ጥቂቱን ብቻ የሚቀበሉት፣ ግን ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በሌላ ተቋም የዲግሪ ተማሪ የሆነን ሰው የሚያዩት እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ትራንስፈር፣ ማለትም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር እንደሚፈልግ አመልካች ነው። ደንቡ ከተቋም ተቋም ይለያያል፤ አንዱ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ሲቆጥር ሌላው አንድ ሙሉ ዓመት መማርን ይጠይቃል። የትራንስፈር ቦታ ደግሞ ከአዲስ ገቢዎች ቦታ እጅግ ያነሰ ነው። ለአዲስ ገቢዎች ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ አገር አመልካቾችን የመክፈል አቅም በቅበላ ውሳኔያቸው ውስጥ አያስገቡም፣ የተቀበሉትንም ተማሪ በቤተሰቡ አቅም ልክ ይረዳሉ፤ ለትራንስፈር አመልካቾች ግን በየተቋሙ ይህ ዕድል ሊጠብብ ይችላል። ስለዚህ አገር ውስጥ ከመመዝገብ በፊት የታሰበውን ዩኒቨርሲቲ ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ለተማሪው የሚጠቅመው ትልቁ ምክር ይኸው ነው፤ ከአካባቢ ሰው ግን እምብዛም አይሰማም።

ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ መራጩ ተቋም መጠየቁ አይቀርም። እዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በዋናነት የፈተና ውጤት ስለሆነ ያለፈን ዓመት ማስረዳት አልለመድንም፤ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ ቅጽ ግን ተማሪው ከትምህርት ርቆ ቆይቶ ከሆነ ምክንያቱን የሚጽፍበት ቦታ አለው። እስከ አሥር የሚደርሱ እንቅስቃሴዎች በሚመዘገቡበት ክፍልም ከ12ኛ ክፍል በኋላ የተሠራ ሥራ ይገባል። ለዚህ ውጭ አገር መጓዝ ወይም ድርጅት መመሥረት አያስፈልግም። መርካቶ የአባቱን ሱቅ የጠበቀ፣ ታናናሾቹን ያስጠና፣ የታመመች እናቱን ያስታመመ ልጅ ይህንኑ በግልጽ ቢጽፍ ተገቢ ነው፤ ቅጹ ለደመወዝ ሥራም ለቤተሰብ ኃላፊነትም ራሱን የቻለ ምድብ አዘጋጅቷል። ቀን ቀን አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ማንበብም መልካም ነው፤ ነገር ግን «ሳነብ ከረምኩ» የሚለው ብቻውን አያጠግብም፣ ምን እንደተነበበና ከንባቡ ምን እንደተሠራ መታየት አለበት።

የወረቀቱ ጉዳይ ቀላል ቢመስልም ቀድሞ መጀመር ይፈልጋል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) እና የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ የሚመጡት ከቀድሞው ትምህርት ቤት ነው፤ መምህሩ ሥራ ከቀየረ ወይም ተማሪውን ከረሳ ደብዳቤው ይደበዝዛል። ስለዚህ መምህራኑን ክረምቱ ሳይገባ፣ ገና ክፍል ውስጥ እያሉ መጠየቅ ይሻላል። የቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ በ11ኛ ክፍል የተፈተነ ሰው ቀኑን ማየት ይኖርበታል። ከመደበኛው ቀደም ብሎ ለሚያመለክት ሰው የተመደበው ጊዜ ባብዛኛው ጥቅምት 22 ገደማ፣ መደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ገደማ ያበቃል፤ ውጤቱን በመስከረም የሚቀበል ተማሪ ለመጀመሪያው የሚቀረው ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ነው።