የኦንላይን ስብሰባ ስላይድን በጋራ መምራት፦ ከጅማ ሲታይ

የስላይድ ቁጥጥር መጋራት ማለት ፋይሉን ስክሪን ላይ ያወጣው አንድ ሰው ሆኖ፣ ሌሎቹ አቅራቢዎችም ከያሉበት ገጹን ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞሩበት አሠራር ነው።

ጅማ ላይ ነገሩ በብዛት የሚነሳው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ተመሠረተ። ግቢዎቹ አንድ አጥር ውስጥ አይደሉም፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ለብቻው ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው ግቢ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚታወቅበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ደግሞ ተማሪውን ወደ ወረዳ ያወጣዋል። ስለዚህ አንድን ጥናት አንዱ ከግቢ፣ ሌላዋ ከአጋሮ፣ አማካሪው ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአዲስ አበባ ሆነው ሊያቀርቡት ይችላሉ።

ቁጥጥሩን ካልተጋሩ የሚሆነው ይታወቃል። «ዶክተር፣ ቀጣዩን ይበሉልኝ።» «ይሄን?» «አይ፣ አለፉት። አንድ ይመለሱልኝ።» ኔትወርኩ ድምፁን ካዘገየው ፋይሉን የያዘው ሰው ሁለቴ ይጫናል፤ ዋናው ሠንጠረዥ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ስለሚቆም የባከነው ጊዜ የሚቆረጠው ከጥያቄና መልሱ ነው።

ዙም ላይ ስላይዱን ሼር ያደረገው ሰው «ስላይድ ኮንትሮል» የሚለውን ተጭኖ ስም ይመርጣል። ለተመረጠው ሰው ሁለት ቀስቶች ብቻ ይመጡለታል። ይህን ከ«ሪሞት ኮንትሮል» ጋር ማምታታት አያስፈልግም። ያኛው ማውሱንና ኪቦርዱን አሳልፎ ይሰጣል፤ ለማያውቁት ሰው ጭራሽ አይሰጥም።

ጎግል ሚትም በተወሰኑ ክፍያ ባላቸው አካውንቶች ላይ ለጎግል ስላይድስ ተመሳሳይ ነገር አለው።

የማይክሮሶፍት ቲምስ «ፓወርፖይንት ላይቭ» ግን መንገዱ ሌላ ነው። የስክሪኑን ምስል እንደ ቪዲዮ አያስተላልፍም፤ ስላይዱ በየሰው መሣሪያ ላይ ለየብቻ ይከፈታል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲደክም ጽሑፉ ቶሎ አይደበዝዝም፤ ዳታም ይቆጥባል። የአቅራቢነት ሚና ያለው ሌላ ሰው ቁጥጥሩን ራሱ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ሰው ሲፈልግ መልሶ ይቀበላል። ታዳሚውም ካልተከለከለ ለብቻው ወደኋላ ገልጦ ማየት ይችላል። እንደኔ ከሆነ የሞባይል ዳታ ይዞ ከወረዳ ለሚገባ ሰው የሚሻለው ይሄ ነው።

ዙም ላይ ከሆነ ግን ትልቁ ጥያቄ ፋይሉን ማን ይያዝ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ «ትልቁ ሰው ይያዝ» ይባላል። ለአክብሮት ጥሩ ነው፣ ለስብሰባው ግን አይጠቅምም። ፋይሉን የያዘው ሰው ከወጣ ስላይዱም አብሮት ይጠፋል፤ የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ መብራትም ሳይናገር ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪውና ኔትወርኩ የተሻለው ሰው፣ የቡድኑ ታናሽ ቢሆንም፣ ፋይሉን ይያዝ። ለሌሎቹ ቀስቱ ይበቃቸዋል። ኮፒው ደግሞ ሌላ አንድ ሰው ጋ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ ሁለት ገጽ ይዘለላል፤ ተራው ያልደረሰ እጁን ይሰብስብ። አኒሜሽን የበዛበት ስላይድም ያስቸግራል፤ አንዱ ክሊክ አንዲት መስመር ብቻ ያመጣና ቀስቱ አልሠራም ተብሎ ደጋግሞ ይጫናል። በየስላይዱ ግርጌ ቁጥር ማስገባትም አይረሳ፤ ቁጥጥሩ እምቢ ካለ «ስላይድ 12» ማለት ይቻላል።