ከድሬ እስከ ቁንዱዶ፦ የጂኦግራፊ ተማሪዎች የተራራ ጉዞ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ለተማረ ሰው ፊልድ ትሪፕ ሲባል ትዝ የሚለው በፌስታል የተቋጠረ ሳምቡሳ፣ የተከራየ ባስና ተራራ ነው። የጂኦግራፊ ቲቸር ከፊት፣ ሰነፎቹ ከኋላ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አካባቢው ራሱ ለጂኦግራፊ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዳገቱ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሥር ተኝታለች። ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግን መሃል ላይ ደንገጎ የሚባለው ዳገት አለ። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሐረር ድረስ እንዲሄድ ነበር የታሰበው፤ ተራራውን መውጣት ስለከበደና ወጪውም ስለበዛ ሐዲዱ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ጣቢያው እዚያው ሜዳ ላይ ቆመ፣ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ስሟ እንኳን «አዲስ ሐረር» ነበር። ባቡሩ ዳገት ባይፈራ ኖሮ እኛ ድሬዎች የለንም ማለት ነው።

ስለዚህ ለእኔ ዋናው ክፍል ደንገጎ ነው። ባሱ በጥምዝምዙ መንገድ እያቃሰተ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ቀድሞ ያወለቀ ሁሉ ሹራቡን ይፈልጋል። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለውን ደብተር ላይ የጻፍነውን እዚህ ቆዳችን ይነግረናል። ከታች ቁጥቋጦና እሾህ፣ ከላይ ማሽላ፣ ጫትና እርከን። ቆላ እና ወይና ደጋ በአንድ ጠዋት።

ጫፉ ላይ ወርዶ መቆም ያስፈልጋል። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ድሬና ወደ ቆላው ሜዳ ይሄዳል፣ ባሕር ሳይደርስም ይቀራል። በደቡብ የወረደው ደግሞ በኤረር ወንዝ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ይጓዛል። «የውሃ መለያያ» ማለት ይኸው ነው። ወደ ታች ሲያዩ ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ በዚሁ አሸዋ ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል የሚባለው ለምን እንደሆነ ከዚህ ከፍታ ካዩት ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ትንንሾቹን ክፍሎች ግን ብዙ ጊዜ ሐኪም ጋራ ነው የሚወስዷቸው። ከሐረር በስተደቡብ ያለ፣ በእግር የሚደረስ፣ ለአስተማሪም የማያስፈራ ተራራ ነው። አናቱ ላይ የወሊዩ የአው ሐኪም መቃብር ስላለ እዚያ ጩኸት የለም። ከላይ ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ መዳፍ ላይ እንዳለች ሆና ትታያለች፣ ግንቡም፣ መስጊዶቹም፣ ጠባብ መንገዶቹም። ካርታ ማንበብ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ወረቀት ይሰጣል፣ የምታየውን ሣል ይባላል፣ ግማሹ ክፍል ሰሜንን ከደቡብ ያምታታል።

ድሬ አጠገብ ደግሞ የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ቴያር ደ ሻርደን ያገኙት የድንጋይ ዘመን ሰዎች መኖሪያ ነው፤ ከ4,000 በላይ ለቀለም የሚሆን የቀይ አፈር ቁርጥራጮች ወጥተውበታል። ለጂኦግራፊው ዋናው ግን ድንጋዩ ነው። ኖራ ድንጋይ ነው፣ ማለትም ይህ ሁሉ ተራራ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር። ባሕሩ የገባው ከደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ሐረርጌ ቀድማ ነው የሰጠመችው። ድሬ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላትም ለዚሁ ድንጋይ ነው።

ቁንዱዶ ሌላ ነገር ነው። ከሐረር በሰሜን ምሥራቅ፣ ጉርሱም በኩል፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚደርስ፣ አናቱ ጠረጴዛ የመሰለ ተራራ። ላዩ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ። ለሰባተኛ ክፍል አይሆንም፣ ሙሉ ቀንና ጉልበት ይፈልጋል። ከዚያም የሚበልጠው ጋራ ሙለታ፣ ልጅ ኢያሱ የታሰሩበት፣ ለትምህርት ቤት ባስ በጣም ሩቅ ነው።

አንዴ እኛን የወሰደን አስተባባሪ ለአርባ ልጅ የያዘው ውሃ ለአሥር የሚሆን ነበር። ገና ከግማሽ ሳንደርስ አለቀ፣ የቀረነው በየመንደሩ በር እያንኳኳን ለመንን። ውሃ ለእያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ ሁለት ሊትር፣ ቆብ፣ የተዘጋ ጫማ። አቦ፣ በሸበጥ ተራራ አይወጣም!

ስትመለሱ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ደንገጎ ጫፍ ላይ ባዶ ሃይላንድ ከፍታችሁ መልሳችሁ ክዳኑን አጥብቁት። እኛ ከወንበሩ ሥር ጥለነው ረሳነው። ድሬ ደርሰን ስናነሣው ጎኑ ጎድጉዶ ነበር፣ ማንም ሳይነካው። የታችኛው አየር ነው የጨመቀው። የኋላ ወንበር ላይ የነበረው ልጅ «ተቀምጬበት ይሆናል» ብሎ ሲከራከር ቲቸር ዝም አለ፣ በወሩ መጨረሻ ግን ፈተና ላይ ይዞት መጣ።