ማደንዘዣ ምንድን ነው? (መርፌ ወግቶ መውጣት አይደለም)

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው «ማደንዘዣ ሰጪ መርፌ ወግቶ ሻይ ሊጠጣ የሚወጣ ሰው ነው፣ ለዚህ 4 ዓመት ምን ይማራል?» ብሎ ጽፎ አየሁ። አልመልስም ብዬ ስልኬን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ሳነሳው ከስሩ ሌላው «የአክስቴ ልጅ የሞተው ማደንዘዣ በዝቶበት ነው» ብሎ ጨምሮበታል። ይቺን «በዝቶበት» የምትል ነገር ጅማ ውስጥ ያልሰማሁባት ቦታ የለም። መናኸሪያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ እየጠጣሁ ከጀርባዬ። ስለዚህ ይኸው፣ ልመልስ ነው።

ሥራዬ ይሄው ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በሽተኛው ራስጌ የሚቆመው ሰው እኔ ነኝ።

ብዙ ሰው ማደንዘዣን እንደ ጠጅ ነው የሚያስበው። አንድ ብርሌ አንድ ሰዓት ያስተኛል፣ ሁለት ብርሌ ሁለት ሰዓት፣ ሦስተኛው ላይ ሰውዬው አይነቃም። እንደዚያ አይደለም። ሙሉ ማደንዘዣ ስንሰጥ በደም ስር የምንወጋው ያ ወተት የሚመስለው ፕሮፖፎል አንዴ ተሰጥቶ ቢተው የሚያስተኛው ለጥቂት ደቂቃ ነው። መርፌዋን ወግቼ ሻይ ልጠጣ ብወጣ ኖሮ ሐኪሙ ቆዳውን ከፍቶ ሳይጨርስ በሽተኛው ይነሳበት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው እንቅልፍ በጋዝ ወይም ቀስ እያለ በሚገባ መድኃኒት የሚቆይ ነው፣ እሱም በየደቂቃው እየታየ ይጨመራል፣ ይቀነሳል።

ማስተኛትማ እ.ኤ.አ. በ1846 ሞርተን የሚባል የቦስተን የጥርስ ሐኪምም በኤተር አድርጎታል። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ እንግሊዝ አገር ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግሯን ጥፍር ልታስነቅል በክሎሮፎርም ተኝታ በዚያው ቀረች። ክሎሮፎርሙ ነው የገደላት ወይስ ስትደክም ትነቃ ብለው አፏ ውስጥ ያፈሰሱት ብራንዲ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ነው? እስከ ዛሬ ያከራክራል። አየህ፣ «በዝቶባት» ብሎ መገላገል ያኔም ቀላል አልነበረም።

ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይሄን ነገር ቶሎ ይገባዋል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፈህ አበልቲ ጋ ስትደርስ ወደ ጊቤ መውረድ ይጀመራል። አንተ ሰኮሩ ሳትደርስ እንቅልፍ ወስዶህ ወሊሶ ላይ ነቃህ እንበል። «ሾፌሩ እኮ ምንም አልሠራ፣ ቁልፍ አዙሮ ሞተር አስነሳ እንጂ» ትላለህ? ያቺ መርፌ ቁልፍ ማዞሯ ነች። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ አለ። በሽተኛው ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል ወይ ይደክማል፣ ስለዚህ ቱቦ አስገብቼ እኔ እተነፍስለታለሁ። ድልድዩ አለ። ከዚያ ዳገቱ፣ ማለትም ማንቃቱ አለ። ሰው የማይጠረጥረው ዳገቱን ነው። እኛ ግን ከቁልቁለቱ እኩል የምንፈራው እሱን ነው።

ሾፌሩ መስታወት እንደሚያይ እኔ የማየው ሞኒተር ነው። እንዲያውም ከማየት ይልቅ መስማት ይቀናኛል። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ቲት፣ ቲት፣ ቲት ትላለች። ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም አብሮ እየወፈረ ይወርዳል። ሐኪሙ እየቀለደ፣ ነርሷ የደም መጥረጊያ ፋሻ እየቆጠረች፣ እኔ ካርድ ላይ እየጻፍኩ ያ ድምፅ አንድ እርከን ዝቅ ካለ እስክሪብቶዬ ከእጄ ይወድቃል። ቤቴ ተኝቼ እንኳ የጎረቤት ማይክሮዌቭ ሲጮህ የምባንን ሰው ነኝ።

ታዲያ «በዛበት» ጭራሽ የለም ወይ? አለ። የመድኃኒት ስህተት ይፈጠራል፣ የለም ብዬ አልዋሽህም። አዛውንት፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው፣ ልቡ የደከመ ሰው፣ ለጎረምሳ የሚሰጠውን መጠን አይችሉም። ግን በማደንዘዣ ላይ የሚያስፈራን በአብዛኛው የሚሊ ግራም ጉዳይ አይደለም። የመተንፈሻ መንገድ መዘጋት፣ ደም መፍሰስ፣ ትውከት ወደ ሳንባ መግባት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚደርሰው አንጀቱ ከፈነዳ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። ያ ሰው ሲሞት ጥፋተኛው ማነው? መጨረሻ ላይ የነካው ሰው።

ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው ስፓይናልስ? እሱ ተሳፋሪው ጋቢና ተቀምጦ እያወራ ሲሄድ ማለት ነው። ነቅቷል፣ ሾፌር ግን አሁንም ያስፈልገዋል። በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት ተወግታ ብዙም ሳትቆይ «ወይኔ፣ ልቤን አጥወለወለኝ» ካለች እኔ የምሰማው «ግፊቴ ወረደ» የሚለውን ነው፣ ሞኒተሩ ሳይነግረኝ በፊት። ደግሞ የወገቤን አጥንት አበላሹት የሚባለው ነገር! መርፌዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ውፍረቷ። የምትገባውም ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፣ እሱን አትነካውም። ቦታው ለጥቂት ቀን ሊያም ይችላል። አንዳንዱን ደግሞ ቀና ሲል የሚብስ፣ ሲጋደም የሚተው ራስ ምታት ይይዘዋል፣ ያ እውነት ነው፣ መጥታችሁ ንገሩን። ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚያም ወገብ ግን እርግዝናውን፣ ልጅ ማዘሉን፣ ጀሪካኑን ትታችሁ እኔን ብቻ አትክሰሱ።

የ4 ዓመቱን ነገር ላንሳ። አንስቴቲስት 4 ዓመት ተምሮ በዲግሪ የሚወጣ ባለሙያ ነው፣ ከዚያ ማስተርስ የሚጨምር አለ። አንስቴዚዮሎጂስት ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ በዚሁ ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። ከትልልቅ ሆስፒታሎች ውጭ ስትወጣ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የመጀመሪያውን ነው፣ ሌሊት ብቻውን ተረኛ ሆኖ። በሽተኛው ለቀዶ ሐኪሙ ሙክት ይዞ ሲመጣ የእኛን ስም አያውቀውም። እሺ፣ ተኝቶ ነበር፣ ይቅር ይባላል።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፣ ጅማ ስለሆንን። ጫት የምትቅም ከሆነ ንገረኝ። ፖሊስ አይደለሁም። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እኔ ሳላውቅ ከተኛህ ሞኒተሩ ላይ የማየውን ነገር በሌላ እተረጉመዋለሁ።

ጾሙም እንደዚሁ። ምግብ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 6 ሰዓት በፊት ይቆማል፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት በፊት። ውሃ፣ ወይም ደግሞ ወተት የሌለው ቡና፣ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል፣ ጅማን ያለ ቡና ማቆየት ስለማይቻል ይሄ ደስ ይላል። ቅቤ የገባበት ቡና ግን ቡና ብለን አንቆጥረውም። ሰው ሲደነዝዝ ሳሉም ትውከት የሚከለክለውም መከላከያ አብሮ ይተኛል፣ የሆዱ ነገር መንገዱን ስቶ ሳንባ ይገባል። ሃና ግሪነርን አትርሱ።

አንድ ጊዜ ለቡአ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የተያዘለት የ12 ዓመት ልጅ ከአክስቱ ጋር መጣ። «እማማ፣ ምን በላ?» አልኳቸው። «ምንም፣ ልጄ።» ቆይተው «ገንፎ ብቻ» አሉኝ። ገንፎ እኮ ምግብ ነው ስላቸው «ለስላሳ ነው፣ አይታኘክም» ብለው ተከራከሩኝ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ እንዳለበትም ሳይደብቁ። አስቸኳይ ስላልሆነ ለማግስቱ አሳደርነው። ጠዋት ገና እንዴት አደርክ ሳይሉኝ «ዛሬስ አፉን አልፈታም፣ ወላሂ!» አሉኝ። ልጁን ለብቻው ወሰድ አድርጌ ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ «ሻይ በዳቦ» አለኝ።